የሻምበል አሥር ቃላት

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፥ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፥ ከወንዙ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመው የድንጋይ ሆስፒታል እንደ ወትሮው በጠዋት ነቃ፤ የጋሪ መንኰራኩር በግቢው ጠጠር ላይ ተንኳኳ፥ የወጥ ቤቱ ጭስ ማውጫ ጭሱን ተፋ፥ የሁለተኛው ፎቅ ረጃጅም መስኮቶችም አንድ በአንድ ተከፈቱ። ያ ቤት ከጦርነቱ በፊት የፈረሰኞች ሰፈር ነበር፤ ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ግድግዳው የፈረስ ላብ ይሸታል የሚሉ ሰዎች አልጠፉም፥ ሸትቷቸው የማያውቅ ቢሆንም እንኳ። ያን ጠዋት ግን ስለ ፈረስ ያወራ አልነበረም። በዋናው በር ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ፥ የክፍሎቹ አስታማሚዎች ሁሉ ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ ከሥሩ ተኰልኵለው ቆመዋል።

ቃሉ አጭር ነበር፤ ከመጪው ወር መባቻ ጀምሮ በመንግሥት ኮሚሲዮን ፊት ቀርቦ ተፈትኖ ፈቃድ ያላገኘ ማንም ሰው ነርስ ተብሎ እንዳይጠራ፥ በሽተኛም እንዳይነካ፤ ፈተናውን የወደቀ በልብስ እጥበት ክፍል ይመደባል ይላል። ይህን ጮኽ ብላ ያነበበችው ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የምታንሰው ነበረች። በአዲሱ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምራ በቅርቡ የተመለሰች፥ ቀጭን፥ ፊቷ የማይሥቅ ልጅ ነች፤ እናቷ በልጅነቷ ስለ ሞተችባት ያሳደገቻት አክስቷ ናት።

አክስቲቱ ሻምበል ትባላለች። ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፤ ቁስለኞች ያወጡላት ቅጽል ነው። በጦርነቱ ዘመን ወደ ቁስለኞች ክፍል ገብታ «ተነሥ!» ስትል እግር የሌለው ሳይቀር ለመነሣት ይውተረተር ነበር ይባላል፤ አንድ ቀን ደግሞ ከአልጋ የወደቀ በሽተኛ ለማንሣት «እዚህ ሰው!» ብላ ብትጮኽ፥ በጎብኝነት የመጣ ባለ ሦስት ኮከብ እውነተኛ ሻምበል ሳይታወቀው «አቤት!» ብሎ ሮጠ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ፤ ሹመቱም በዚያው ጸደቀላት። ከዚያ ወዲያ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ሰው ጠፋ፤ እርስዋም ብትሆን ማንም ባልጠራት ስም ለምን ትቸገር!

«ማንን ነው የሚፈትኑት? እኔን?» አለች ሻምበል፥ ሁለት እጇን በወገቧ ላይ አድርጋ። ከዚያም ሣቀች፤ ሰፊ ሴት ናትና ስትሥቅ አጠገቧ የቆሙት ሁሉ አብረው ይነቃነቃሉ።

«አክስቴ፥ አትሣቂ። የምሩን ነው የሚለው ወረቀቱ፤ እጥበት ቤት ይልኩሻል» አለች ልጅቱ።

«ይላኩና! በእጄ የዳነውን ሰው ሄደው ይጠይቁ።»

«እነሱ የሚፈትኑት እጅሽን አይደለም፤ አፍሽን ነው።»

«እንግዲያማ አለቀላቸው! አፌንስ ማን ይችለውና!»

ሴቶቹ ሁሉ ሣቁ፤ ልጅቱ ብቻ አልሣቀችም። አክስቷን ከማንም በላይ ታውቃታለችና፥ ፈተና ማለት ምን እንደ ሆነ ደግሞ አይታዋለችና።

የመጀመሪያው ጥናት የተጀመረው በዚያው ሳምንት፥ ከምሳ በኋላ፥ አንሶላ በሚጠመዘዝበት ክፍል ውስጥ ነው። የጥናት ቦታ የሚሆን ሌላ ክፍል አልነበረም፤ ደግሞም የመጭመቂያው መዘውር ከጦርነቱ ጀምሮ ተሰብሮ ስለ ቀረ፥ አስታማሚዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ፥ አንዷ ወደ ቀኝ አንዷ ወደ ግራ እየጠመዘዙ አንሶላውን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። ልጅቱ ወፍራሙን መጽሐፍ በመስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋችና ጠየቀች፤

«አንድ ራሱን የሳተ በሽተኛ አጠገብ ስትደርሺ በቅድሚያ የምታደርጊያቸውን በቅደም ተከተል አስረጂ።»

የሻምበል እጅ ሳይታወቃት ተነሣ፤ አየር ላይ የአንድ የማይታይ ሰው አገጭ ቀና አደረገ፥ ጭንቅላቱን አዘነበለ፥ አንገቱ ሥር ጣቱን አሳረፈ። ሁሉም ትክክል ነበር። ቃል ግን አልወጣትም።

«በአፍሽ፥ አክስቴ።»

«እ... እንዲህ ነዋ! ይዘሽ እንዲህ ታደርጊያለሽ!»

«እንዲህ የሚባል መልስ የለም።»

ሻምበል ሌላም ተጠየቀች፥ ሌላም አቃታት። እጇ አዋቂ፥ ምላሷ መሃይም ሆኖ ተገኘ። ያቺ በነገር ማንንም የማታስጠጋ ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። ከጦርነቱ ጀምሮ የተመላለሰችበትን ሁለተኛ ፎቅ ከሩቅ እያየች፥ በእጥበት ቤቱ እንፋሎት ውስጥ ስታረጅ ታያት። ለራሷ ብቻም አይደለም፤ ሌሎቹ ሴቶች «ሻምበል ካለፈች እናልፋለን፥ ሻምበል ከወደቀች ምን ተስፋ አለን» ሲሉ ሰምታለች።

«ነይ፥ ያዥልኝ ይቺን» አለች በመጨረሻ፥ እርጥቡን አንሶላ ብድግ አድርጋ፤ «ቁጭ ብዬ ማሰብ አይሆንልኝም።»

ልጅቱ ጫፉን ያዘች፤ ጠመዘዙ። ሻምበል ስትጠመዝዝ የማንጐራጐር ልማድ አላት፤ ያን ዕለትም ውኃው ጠብ ሲል ከአፏ ሳታስበው ወጣ፤ «መጀመሪያ ትንፋሹን፥ ይግባ ይውጣ እዪው።» አንድ ጊዜ ደግማ ጠመዘዘች። «ሁለተኛ ደሙን፥ ከፈሰሰ ያዢው።» ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። መልሱ እርሱ ነበር፤ መጽሐፉ በሁለት ገጽ የሚለውን ነው ሴትየዋ በሁለት ጥምዘዛ የጨረሰችው።

«ቀጥዪ፥ አክስቴ! ቀጥዪ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ክፍል የጦር ሰፈር መሰለ። ልጅቱ ከመጽሐፉ ታነባለች፥ ሻምበል ታዜማለች፤ በየመካከሉም ይከራከራሉ። መጽሐፉ ስለ ንጽሕና የሚናገረውን ምዕራፍ ከሁሉ አስቀድሞ ነበርና ልጅቱ በዚያው ቅደም ተከተል ይሁን አለች። «የማይተነፍስ ሰው ፊቱን ቢያጥቡት ምን ይረባዋል? አስከሬን ልታስጌጪ ነው?» አለች ሻምበል፤ ልጅቱም ተረታች። በሌላ ቀን ደግሞ ሻምበል ልብ የሚቆጠረው በጦርነቱ ጊዜ እንደ ነበረው በሩብ ደቂቃ ነው ብላ ድርቅ አለች፤ ልጅቱ «ያን ጊዜ ቁስለኛው ብዙ፥ እናንተ ጥቂት ነበራችሁ፤ ዛሬ ግን ልቡ የሚዘል በሽተኛ በሩብ ደቂቃ ያታልልሻል» ስትላት፥ የራሷን አልጋ ቁራኛ ሰዎች አንድ በአንድ ሄዳ በሙሉ ደቂቃ ቆጥራ ተመለሰችና «ውሸት አልነገርሽኝም» አለች። ከሻምበል አፍ ይህን የሰማ ሰው ከዚያ በፊት የለም።

ዜማው ሲያልቅ አሥር ስንኝ ሆነ፤

መጀመሪያ ትንፋሹን፥ ይግባ ይውጣ እዪው፤
ሁለተኛ ደሙን፥ ከፈሰሰ ያዢው፤
ሦስተኛ ልቡን፥ ደቂቃ ቁጠሪው፤
አራተኛ ገላውን፥ ትኩሳቱን ለኪው፤
አምስተኛ ጫፉን፥ ጣቶቹን ንኪው፤
ስድስተኛ ውኃውን፥ ገብቶ ሲወጣ ጻፊው፤
ሰባተኛ ጀርባውን፥ ሳይቆስል ገልብጪው፤
ስምንተኛ መድኃኒቱን፥ አንብበሽ ስጪው፤
ዘጠነኛ ቁስሉን፥ ታጥበሽ ፍቺው፤
አሥረኛ ስሙን፥ ጠርተሽ አጽናኚው።

አሥረኛዋ በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረችም። «ይህቺን ከየት አመጣሻት?» ብላ ልጅቱ ብትጠይቃት፥ «ከቁስለኞቹ። አልጋ ቁጥር አራት እየተባለ የሚጠራ ሰው ለመዳንም ይሰንፋል» አለች ሻምበል፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ሴቶቹ ሁሉ ዜማውን ተማሩት። በሰውነቷ ሙላት ድምቡሼ የሚሏት የሕፃናት ክፍል አስታማሚ፥ ፊደል ስታይ ራሷን የሚያማት ሴት፥ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ኮሪዶሩ ሁሉ ያንጐራጕራል፥ ሻምበልም አገጯን ቀና አድርጋ ትመላለሳለች። ልጅቱ ብቻ አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። ሴቶቹን በየስንኙ ስትጠይቃቸው፥ ስለ ሰባተኛው ይሁን ስለ ስምንተኛው፥ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ከአንድ ይጀምራሉ፤ እጃቸውም አየሩን ይጠመዝዛል።

«አክስቴ፥ ከመሀል ቢጠይቁሽስ?»

«ይጠይቁኛ! እየቆጠርሁ እደርስበታለሁ።»

«እስክትደርሺ የሚጠብቅሽ ማን አለ?»

«አንቺ ልጅ፥ ሟርት አታውሪብኝ፤ ያዥ ይልቅ አንሶላውን።»

የፈተናው ቀን ደረሰ። የኮሚሲዮኑ ሰብሳቢ ክቡር ኮሎኔል ሐኪሙ፥ በጦር ግንባር የቀዶ ሕክምና ድንኳን ሲመሩ የኖሩ፥ ጢማቸው የተከረከመ፥ ጫማቸው እንደ መስተዋት የሚያበራ ሰው ነበሩ፤ ከጸሐፊያቸው ጋር በሠረገላ መጥተው በአዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ራስ ላይ ተሰየሙ። ኮሚሲዮኑ በፈተና ቀን የሚከተለው ልማድ ነበረው፤ ለተግባር ፈተና የተመረጡ በሽተኞች ተፈታኝ እንዳይረዱ ወይም እንዳያሳስቱ ከማለዳው ጀምሮ «ካልተጠየቃችሁ አንዲት ቃል እንዳትናገሩ» ተብለው ይታዘዛሉ። ያን ዕለት የተመረጠው ከመወጣጫ ላይ የወደቀ አንድ ግንበኛ ነበር፤ ክንዱ ላይ የተሰፋ ቁስል አለ፥ የተሰበረ እግሩም ከትናንት ጀምሮ በጄሶ ታሽጎ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ትእዛዙን ሲሰማ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰው አክባሪ፥ ቃሉን ጠባቂ ሰው ነበር።

ልጅቱ ከሁሉ በፊት ተጠራች፤ ከመጽሐፉ የተማረች ናትና ከየትም ብትጠየቅ መለሰች፥ ኮሎኔሉም ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ቀጥሎ ድምቡሼ ገባች።

«የቁስል ፋሻ አለዋወጥን ያስረዱ» አሉ ኮሎኔሉ።

ድምቡሼ ዓይኗን ጨፈነች። እጆቿ ተነሥተው አየሩን መጠምዘዝ ጀመሩ። «መጀመሪያ ትንፋሹን...»

«የጠየቅሁት ስለ ፋሻ ነው።»

«...ሁለተኛ ደሙን...» አለች ድምቡሼ፥ እንደ ተጀመረ ጋሪ መቆም ስለማይሆንላት።

ኮሎኔሉ ትከሻቸውን ሰብቀው ሌላ አስጠሩ። የመጣችውም ዓይኗን ጨፍና አየር ጠመዘዘች፥ «መጀመሪያ ትንፋሹን» አለች። ሦስተኛይቱም እንዲሁ፤ ቃል ሳይጨምሩ ቃል ሳይቀንሱ። ኮሎኔሉ ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ፊታቸው ጠቆረ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ አዳራሹ ይግቡ ተባለ።

«እኔ የጦር ሜዳ ሐኪም ነኝ» አሉ ተነሥተው፤ «ሦስት ሰዎች አንድ ቃል በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ነገሩ ወይ መሐላ ነው ወይ ሴራ ነው። የፈተናው ወረቀት ሾልኮ መልሱ ተሠርቶ ታድሏል። ያደለው ሰው አሁን ካልወጣ፥ የዚህ ሆስፒታል ፈተና በሙሉ ይሰረዛል፤ ያለፈችውም ጭምር።»

ልጅቱ ልትናገር አንድ እርምጃ ወደ ፊት አለች። ነገር ግን ሰፊ ክንድ ወደ ኋላ መለሳት።

«ክቡር ኮሎኔል፥» አለች ሻምበል፥ «ሴራውም መሐላውም እኔ ነኝ። ወረቀት ግን አልሾለከም፤ መልሱን አንሶላ ስንጠመዝዝ እኔ ነኝ ያዜምሁላቸው።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሻምበል ይሉኛል።»

«ሻምበል? የየትኛው ጦር?»

«የሁለተኛ ፎቅ፥ ክቡር ኮሎኔል።»

ጸሐፊው ሣቁን በሳል አሳለፈው፤ ኮሎኔሉ ግን አልሣቁም። ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነገሯትና ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙት። «ስርቆት አለመሆኑን ተቀብያለሁ» አሉ ቀጥለው፤ «ዕውቀት መሆኑን ግን አልተቀበልሁም። በቀቀንም ይዘፍናል። ወደ አልጋው እንሂድ፤ እኔ ያዘዝሁዎትን አንድ ሥራ ከሠሩልኝ የሁሉንም ፈተና እቀጥላለሁ። ካልሠሩልኝ ግን የሁላችሁም ነገር እዚሁ ያበቃል፤ ዘፋኝ ሁሉ ነርስ ሊባል አይችልም።»

ሁሉም ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጣ። ሴቶቹ በበሩ ላይ ተጠቃጠቁ፤ ግንበኛው ትራሱን ተደግፎ፥ ከንፈሩን ገጥሞ፥ ጣራ ጣራ ያያል። ኮሎኔሉ በጣታቸው ክንዱን አመለከቱ።

«የክንዱን ፋሻ ይለውጡ። ከዚያ ይጀምሩ እንጂ ከሌላ አይደለም።»

ሻምበል እጇን ታጠበች፥ ወደ ፋሻው ዘረጋች፤ እጇም መንገድ ላይ ቆመ። ይህን ሥራ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሠርታዋለች። ያን ሰዓት ግን አእምሮዋ ውስጥ ዘጠነኛውን ስትፈልገው አጣችው፤ አንድ ብቻ ነው የሚመጣላት። የእህቷ ልጅ «ከመሀል ቢጠይቁሽስ?» ያለቻት ትዝ አላት። በሩ ላይ ድምቡሼ እንባዋን ይዛ ትንፋሿን ውጣለች።

ከዚያ ሻምበል እጇን ሰበሰበችና ቀና አለች፤ መልሳ ራሷን ሆነች።

«ክቡር ኮሎኔል፥ ከመሀል መጀመር አልችልም።»

«አይችሉም ወይስ አይፈልጉም?»

«ሁለቱንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር ገና አልተገናኘሁም። ፋሻው የትም አይሄድብንም፤ እመጣበታለሁ።» ይህን ብላ ፈቃድ ሳትጠብቅ ጎንበስ አለች። «መጀመሪያ ትንፋሹን።»

«እኔ ያዘዝሁት—»

«መንገድ ላይ ነኝ፥ ክቡርነትዎ» አለች፥ ዓይኗን ከበሽተኛው ደረት ሳትነቅል። ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል። ደም የሚፈስበት የለም። የእጁን አንጓ ይዛ ደቂቃውን ሙሉ ቆጠረች፤ ልቡ ይጋልባል። ገላው ግን ትኩሳት የለውም። ሻምበል ግንባሯን ቋጠረች፤ ሳይቃጠል፥ ሳይሮጥ፥ ተጋድሞ የሚጋልብ ልብ የሆነ ነገር ይላል። «አምስተኛ ጫፉን» አለችና የተሰበረውን እግር የሸፈነውን ብርድ ልብስ ከግርጌው ገለጠችው።

ከጄሶው ጫፍ ብቅ ያሉት የእግር ጣቶች አብጠው ጠቁረዋል። ነካቻቸው፤ ብርድ የመታው ድንጋይ ይመስላሉ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጫነችና ለቀቀች፤ ቀለሙ አልተመለሰም።

«ይሰማዎታል ስነካዎት?»

ግንበኛው ዓይኑን ብቻ ወደ ኮሎኔሉ አዞረ።

«ኧረ ይናገሩ፥ አንቱ ሰውዬ!»

«እንዳትናገር ስለ ተባልሁ እኮ ነው፥ እመቤት» አለ ግንበኛው፥ ድምፁ እየተቆራረጠ፤ «ከንጋት ጀምሮ እግሬን ሲቆረጥመኝ ቆይቶ አሁን ጭራሽ ደነዘዘ። ሴቶቹን እንዳላስወድቅ ብዬ ጥርሴን ነክሼ...»

እግሩ በጄሶው ውስጥ አብጦ ደሙ ታፍኗል፤ ጥቂት ሰዓት ቢጨመር እግሩ ይቆረጥ ነበር። ሻምበል ይህን ለማስረዳት ቃል አልፈለገችም፤ ድሮ የቁስለኞችን ክፍል በሚያናውጠው ድምፅዋ ጮኸች፤

«የጄሶ መቀስ! እዚህ ሰው!»

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ።

ኮሎኔሉ ነበሩ። ያሉትን ሳያውቁት ነው ያሉት፤ ኮታቸውን አውልቀው፥ እጅጌያቸውን ሰብስበው፥ ልጅቱ ሮጣ ያመጣችውን መቀስ ተቀብለው ጄሶውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። ሻምበል እግሩን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። ከዚያም ጣቶቹ ላይ ጥቂት በጥቂት፥ ሊነጋ ሲል እንዳለ ሰማይ፥ ቀለም ተመለሰ፤ ግንበኛውም «ወይኔ፥ ወጋኝ!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ ጩኸት የበለጠ ደስ የሚል ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም።

ኮሎኔሉ ላባቸውን ጠርገው ኮታቸውን ሊለብሱ ሲሉ ሻምበል «ስድስተኛ ውኃውን» ስትል ሰሙ። ቆሙ። ከዚያም ወንበር ስበው ተቀመጡና ጠበቋት። የጠጣውንና የሸናውን ጻፈች፥ ሰባተኛውን፥ ስምንተኛውን ጨረሰች፤ እጇን እንደ ገና ታጥባ ፋሻውን ፈታች፥ ቁስሉን አጽድታ በአዲስ ጠቀለለች፤ በመጨረሻም የግንበኛውን ስም ጠይቃ፥ በስሙ ጠርታ «አይዞዎት፥ ገና ብዙ ቤት ይሠራሉ» አለችው።

«ጻፍ» አሉ ኮሎኔሉ ለጸሐፊያቸው፤ «ተፈታኟ ከመሀል መጀመር አትችልም።» ሻምበል አንገቷን ደፋች። ኮሎኔሉ ግን «ጨምርበት» አሉ፤ «እንድትችልም አያስፈልግም። በሽተኛ ከመሀል አይጀመርምና።»

ፈተናው ቀጠለ። ልጅቱ አንደኛ ወጣች፤ ድምቡሼ ከዓይኗ መጨፈን በስተቀር ሁሉ ነገሯ ደኅና ነው ተብላ አለፈች፤ ሻምበል በጽሕፈቱ በኩል ለጥቂት ተርፋ ፈቃዷን ተቀበለች። ሁለት ሴቶች ወደቁ፤ ወደ እጥበት ቤትም ተላኩ። ሻምበል ለእነርሱ ስትል አንሶላ መጠምዘዟን አልተወችም፤ በተከታዩ ዓመት ሁለቱም አለፉ።

በዚያው ዓመት የኮሚሲዮኑ የታተመ መመሪያ ወጣ። ልጅቱ ስትገልጠው በሦስተኛው ምዕራፍ «ዘጠኙ የምልከታ ደረጃዎች» የሚል አገኘች፤ ቃሉ ቃል በቃል የአክስቷ ነው፥ ሽፋኑ ላይ ያለው ግን የኮሚሲዮኑ ስም ብቻ ነው። ተናድዳ መጽሐፉን ይዛ ወደ አንሶላ መጠምዘዣው ክፍል በረረች።

«ስምሽ የታለ፥ አክስቴ? የታለ ስምሽ?»

«ተዪያቸው» አለች ሻምበል እየሣቀች፤ «ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም በሽተኛ አገላብጦ አያውቅም።» ከዚያ መጽሐፉን ተቀብላ በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችና ሣቋ ጠፋ። «አሥረኛዋን ምን አደረጓት?»

«ከሕክምና ጋር ግንኙነት የላትም ብለው ሳይሆን አይቀርም።»

«እሷስ ታናድዳለች» አለች ሻምበል፤ እውነትም ተናደደች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በቃ፥ ዘጠኝ እንደ ሆነ ሊቀር ነው።»

እንዳለችውም ቀረ። የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት አዋጁን መዝግበዋል፥ የፈረመውን ሹም ስም ከነማዕረጉ አኑረዋል፤ የኮሎኔሉ ሥዕልም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ተሰቅሎ ይታያል፥ ይገባቸዋልም። በፈቃድ መዝገቡ ውስጥ ሻምበል የሚባል ሰው የለም፤ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ተጽፎ ይሆናል፥ ግን በዚያ ስም የሚያውቃት ስለሌለ ፈልጎ ሊያገኛት የሚችል የለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፥ አንዲት አሮጊት ዳሌዋን ተሰብራ በዚያው በሁለተኛ ፎቅ ተኝታ ነበር። አንዲት ተማሪ ነርስ፥ የፈተናዋ ወር የደረሰባት፥ ወደ አልጋው መጣች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፥ እጇም አየር ይጠመዝዛል፥ ለምን እንደምትጠመዝዝ ግን አታውቅም፤ አስተማሪዎቿ እንዲሁ ሲያደርጉ አይታ ነው። የአሮጊቷን ትንፋሽ አየች፥ ልቧን ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፥ የእግር ጣቶቿን ነካች፤ ዘጠነኛውን ጨርሳ ልትሄድ ዘወር አለች።

«አሥረኛዋስ?» አለች አሮጊቷ።

«አሥረኛ የለም፥ እማማ። ዘጠኝ ናቸው።»

«አለች። አሥረኛ ስሙን፥ ጠርተሽ አጽናኚው።»

ተማሪዋ ሣቀች፤ መጽሐፉን በቃሏ ታውቀዋለችና። ነገር ግን የአሮጊቷ ዓይን የሚያስቆም ዓይን ነበር፤ ተማሪዋም ተመለሰችና በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እሺ፥ እማማ። ስምዎ ማን ነው?»

አሮጊቷ ለብዙ ዘመን ማንም ያልጠራውን ስም ከሩቅ ፈልጋ አመጣችውና ነገረቻት። ተማሪዋም እጇን ያዘችና በዚያ ስም ጠርታ «አይዞዎት» አለቻት፤ ሻምበል የነበረችው ሴትም አለቀሰች፥ አላፈረችበትም።

ያቺ ተማሪ ፈተናዋን አልፋ፥ በተራዋ ሌሎችን አስተማረች። በዚያ ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶች ዛሬ ሲቆጥሩ እስከ አሥር ይቆጥራሉ፤ መጽሐፉ ግን አሁንም ዘጠኝ ነው የሚለው።